ያልወጣች ፔኒ

የዚያን ሰኞ ጠዋት፣ በኦልደም ከተማ፣
የፋብሪካው ጡሩምባ ጭራሽ አልተሰማ።
ስድስት ወር አልፎታል ጭስ ማውጫው ከጾመ፣
ማጉ ከተበጠሰ፣ መዘውር ከቆመ።
ወንዶች በየማዕዘኑ፣ እጅ በኪሳቸው፤
ከኪሱም ቢፈተሽ የሚገኝ እጃቸው።

እኔ ግን መምህርት ነኝ፣ ደሞዝ ያልቀረብኝ፣
«ቁጠባን አስተምሪ» መጽሐፉ ያዘዘኝ።
ቀሚሴን አራግፌ፣ በጥቁር ሰሌዳ
አባባሉን ጻፍኩት፣ ፊደሉ ሳይጎዳ፦

        ያልወጣች አንዲት ፔኒ ከገባች አታንስም።

«ይህ ማወዳደሪያ ነው» አልኩኝ፣ «ልብ አርጉ፤
ሁለት ነገር ይዞ ማስተካከል ነው ወጉ።
በሉ እንግዲህ ጻፉ፣ አባባሉን ይዛችሁ፣
አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስለየቤታችሁ።»

ስለየቤታችሁ! ቃሏ አመለጠችኝ፤
እስከ ዛሬ ድረስ እንቅልፍ የነሣችኝ።

የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ ሃሮልድ፣ ተነሣ፣
ደረቱን ነፋና እንደ በሬ አገሣ፦
«አባባ ሚዛን ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤
ከእያንዳንዱ ደንበኛ አንዲት ፔኒ ያተርፋል።»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳቅሁኝ፤
ያንን ጣት ስንት ዓመት ከሥጋው ጋር ገዛሁኝ።

አይቪ ቀጠለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና፦
«እናቴ ማታ ማታ ሻማ ታጠፋና
በጨለማ ቆማ ጸሎት ታደርሳለች፤
‹እግዜር ለመስማት መብራት አይሻም› ትላለች።»

ሲሪል ስለ አጎቱ፦ «ዜናው ክፉ ሲሆን
ቶሎ ብሎ ያጠፋዋል ያንን ሬድዮን፤
ለመጥፎ ወሬማ ባትሪ አይለቅ እያለ።
ዘንድሮ ባትሪያችን ቅንጣትም አልጎደለ።»

ከኋላ ወንበር ላይ ዊኒ ኦግደን ነበረች።
የእህቷን ጫማ አድርጋ፣ አፍንጫው በጋዜጣ የተጠቀጠቀ፤
ስትራመድ ወረቀቱ ያንሾካሹካል።
ተነሣች። ደብተሯን አልተመለከተችም።

«ትናንት ራት አልበላንም።
ስለዚህ ፔኒዋ አልወጣችም።
እማዬ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠቻት፣
ሰባት ሆነን ዙሪያዋን ተቀምጠን አየናት።
ሕፃኑ ሊውጣት ነበር፤
አባዬ ከአፉ አወጣት።
እርስዎ፣ ከገባች አታንስም ብለዋል።
እሺ።
ግን ሚስ ፒከርስጊል፣ የገባችው የታለች?
ለማወዳደር ሁለት ያስፈልጋል ብለውናል።
እኛ ቤት ያለችው አንድ ናት።»

ማንም አልሳቀም።
ምድጃው ውስጥ አንድ ከሰል ለሁለት ተሰበረ።
ሃሮልድ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ።
እኔ ምን አልኩ?
«ተቀመጪ» አልኩ።

ማታ መብራቴ ሥር ደብተሯን ሳርም
ብዕሬን ቀይ ቀለም ነክሬ
ከዐሥር ስድስት ሰጠኋት፦
አባባሉን እንዳለ አልተጠቀመችም፣
አንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቄ ብዙ ነው ያመጣችው፣
የጥያቄ ምልክቱም ጠማማ ነው።
ደግሞም መጽሐፉ ከኋላው መልስ አለው፤
የእሷ መልስ እዚያ የለም።

በበጋው ትምህርቷን ተወች። ብራድፎርድ፣ ሰው ቤት፣
ወለል ልትወለውል ሄደች አሉ፣
ያ ጫማ ገና በእግሯ ልክ ሳይሆን።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።
የቁጠባ ደብተር አለኝ፣ በላስቲክ የታሠረ።
የእሽግ ሲባጎ አልጥልም፤
የሳሙና ቁራጭ ከቁራጭ አጣብቃለሁ፤
ፖስታ ገልብጬ መልሼ እጽፍበታለሁ።
ሰዎች ቆጣቢ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው።
ከሁሉም በላይ ግን የቆጠብኳቸው
እነዚያ አራት ነጥቦች ናቸው።

አልወጡም። እስከ ዛሬ እኔ ጋ አሉ።
አንዳንድ ማታ ጠረጴዛው መሀል አስቀምጣቸዋለሁ፣
ብቻዬን ዙሪያቸውን ተቀምጬ፣
ከምን እንደማያንሱ
አስባለሁ።